የቆራሌው ማግኔት

አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ማግኔት ግን አለው፤
ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ፈልቅቆ ያወጣው፣
በሲባጎ አስሮ ካንገቱ ያንጠለጠለው።

ጠዋት ከፍራንኮ ይነሳል፣ ጆንያውን ጥሎ በትከሻው፤
ያዳማ አቧራ ጉሮሮው ውስጥ፣ "ቆራሌው! ቆራሌው!"
ማታ ግቢያችን ይሞላል፦ ድስት፣ የበር መቀርቀሪያ፣
የባጃጅ ቸርኬ፣ ጥርሱ ያለቀ ማርሽ፣ መጋረጃ ማንጠልጠያ።
ይዳስሳል፣ ያንኳኳል፣ አንዳንዱን ይነክሳል፤
ማግኔቱ የያዘውን ወደ ግራ ይጥላል፤
ያልያዘውን በምስማር ፍቆ ውስጡን ያያል፦
ቀይ ከሆነ መዳብ፤ ነጭና ቀላል፣ አሉሚኒየም፤
ከብዶ ጥፍር የሚገባበት እርሳስ ነው፣ ሌላ አይደለም።
"ሲመቱት የሚያቃጭል አለ፣ ዝም የሚል አለ፤
ዝም ያለው ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ እርሳስ ነው" አለ።

እኔ የማታ ተማሪ ነኝ፣ አሥረኛ ክፍል፤
መምህር ወርዶፋ በጠመኔ ሰሌዳውን ሲከፍል፣
ሰባት ፎቅ፣ አሥራ ስምንት በር፦
"ይሄ ኮንዶሚኒየም ነው" አለን፤
"ፎቁን ተዉት፤ ዝምድናው ወደ ታች ነው፤
ባንድ ደረጃ የሚወርድ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው።
የመጀመሪያው በር፣ ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣
እጃቸው ላይ አንድ ትርፍ አለ፤ ሳይሰጡት እንቅልፍ የላቸውም።
አሥራ ሰባተኛው በር፣ አንድ የጎደላቸው፣
ፍሎሪንና ክሎሪን፣ ነጥቀው ነው እረፍታቸው።
የመጨረሻው በር፣ ሂሊየም፣ ኒዮን፣ ሞልቶላቸዋል፤
ብታንኳኩ አይከፍቱም፤ ጠግበው ተኝተዋል።"

እኔ አጎቴን ዲንቃን አሰብኩ፣ የወንጂውን፣
ደሞዝ በተቀበለ ማታ በትኖት የሚያድረውን።
ሲስቅ ጥርሱ ቡናማ ነው፤ በጉድጓዱ ውሃ ፍሎሪን አለ።
ሰጪው ቤተሰብ እጁ ላይ፣ ነጣቂው ጥርሱ ላይ፤
እንዲህ ያለ ሰው በየትኛው በር ይገባል?
ልጠይቅ ብዬ፣ መብራት ጠፋ።

ላባቴ ነገርኩት፦ "በቢላ የሚቆረጥ ብረት አለ፤
ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።" ሽቦውን እየጠቀለለ
ሳቀ። "ታዲያ በኪሎ ስንት ያወጣል?
ብረት ከተንሳፈፈ ቆራሌ ምን ይበላል?"

ሐሙስ ለት ትምህርት ቤቱ የተሰበረ ወንበር ሸጠ።
አባቴ ሚዛኑን ይዞ መጣ።
መምህር ወርዶፋ "ግባ እስቲ" አለው፤
ከቁም ሳጥን የነጭ ጋዝ ብልቃጥ አወጣ።
ከጋዙ ውስጥ ግራጫ ቁራሽ፤
እንደ ለጋ ቅቤ ቆረጠው።
ቁርጡ ለጥቅሻ ያህል እንደ አዲስ ሳንቲም በራ፣
ወዲያው ጠየመ።
አባቴ ማግኔቱን አስጠጋ። አልያዘም።
የስንዴ ፍሬ የምታህል ሳህኑ ውሃ ላይ ጣለ፤
ሮጠች፣ ፎጨረች፣ ተሽከረከረች፣
ቢጫ እሳት፣
ጠፋች።

አባቴ ሳህኑን ብዙ አየው።
"ዲንቃ ነው" አለ።
"ቁርጥ ዲንቃ።"

ከዚያ ወንበሩን መዘነ።
ከሚዛኑ ሥር ሁልጊዜ የምትደበቅ አንዲት ብሎን አለች፤
በዚያን ቀን ነቅሎ ኪሱ ከተታት።
እኔ ብቻ አየሁ።

ፈተና ደረሰ፦ "የብረታ ብረትን ጠባይ ዘርዝሩ።"
ያብረቀርቃሉ፣ ቢቀጠቀጡ ይጠፈጠፋሉ፣
እንደ ክር ይመዘዛሉ፣
ሙቀትና ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ።
ይሄ የመጽሐፉ ነው። ከዚያ ከግቢያችን ጨመርኩ፦
"ሲመቷቸው ይናገራሉ፤ እርሳስ አይናገርም።
የመዳብ ሽቦ ልባሱ ሲቃጠል
መዳቡ በአረንጓዴ ያለቅሳል።"

መምህር ወርዶፋ "ያለቅሳል"ን በቀይ ሰርዞ
"ነበልባሉ አረንጓዴ ነው" ብሎ ጻፈ፤
ግማሽ ነጥብ።

ማታ፣ ከተራራው የነፋስ ተርባይኖቹ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፣
አባቴ እሳቱ አጠገብ ሽቦ ይልጣል።
ወረቀቱን አነበብኩለት።
"ማነው መዳብ ያለቅሳል ያለሽ?"
"አንተን አይቼ ነዋ። ሽቦ ባቃጠልክ ቁጥር።"
እንጨቱን ቆሰቆሰ።
"ያለቀስኩትማ እኔ ነኝ" አለ፤ "ጭሱ ነው።"